የደንበኛን ቅንብር በቢልድ ጊዜ በራሱ እንዲስተካከል ስለ ማድረግ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ተቀምጬ ለጅምላ ነጋዴዎች የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም እሠራለሁ። ፕሮግራሙ በሲ ሻርፕ የተጻፈ ሲሆን በዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8 ላይ ይሠራል። ደንበኞቼ ቀፊራ አካባቢ እና ሐረር ሸዋ በር ይገኛሉ። አዲስ እትም ባወጣሁ ቁጥር አፕ ኮንፊግ የተባለውን የቅንብር ፋይል ከፍቼ የዳታቤዙን አድራሻ፣ የቅርንጫፉን ስምና የደረሰኝ ማተሚያውን ስም በእጄ እቀይርና ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለየብቻ ቢልድ አደርጋለሁ፤ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም እቀይራለሁ። በቅርቡ የአንዱን ደንበኛ የዳታቤዝ አድራሻ የያዘ ፕሮግራም ሐረር ሌላ ደንበኛ ጋር ተጭኖ ተገኘ። ስለዚህ የደንበኞቹን ዝርዝር ከሲኤስቪ (በኮማ ከተከፋፈለ የሠንጠረዥ ፋይል) እያነበበ፣ ከቢልዱ በፊት ፋይሉን የሚያስተካክል የፓወርሼል (የዊንዶውስ ትእዛዝ ማስፈጸሚያ) ስክሪፕት ጻፍኩ። መጀመሪያ የቅርንጫፉ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ሲጻፍ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ እንዲሆን ሳዘው ስሙ ተስተካከለ፤ ነገር ግን ቀድሞ ደህና የነበሩት የአማርኛ ጽሑፎች ተበላሹ። የአንድ ደንበኛ የይለፍ ቃል ደግሞ «&» ስላለበት ፕሮግራሙ ጨርሶ አልከፈት አለ። ትክክለኛው አሠራር የትኛው ነው?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ችግሮች ተጠላልፈዋል። አንደኛው የፊደል ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደላት በፋይል ውስጥ በባይት የሚቀመጡበት መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ኤክስኤምኤልን (በምልክቶች የተዋቀረ የመረጃ አጻጻፍን) እንደ ተራ ጽሑፍ መነካካት ነው፤ ሦስተኛውና ትልቁ ግን የደንበኛው ጉዳይ የሆነውን ነገር የቢልድ ጉዳይ ማድረግዎ ነው። ሁለቱ ዛሬውኑ ይፈታሉ። ሦስተኛው የተወሰነ ሥራ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ሐረር የተፈጠረው ዓይነት መሳሳት እንዳይደገም የሚያደርገው እሱ ስለሆነ፣ ስክሪፕቱን ብቻ አስተካክለው እንዲያቆሙ አልመክርዎትም።

ከአማርኛው ልጀምር። ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ነው። ይህ እትም አንድን ፋይል ሲያነብ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባለውን የኢንኮዲንግ ምልክት ካላገኘ፣ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ሊሆን ይችላል ብሎ አይጠረጥርም፤ በኮምፒዩተሩ ነባር የኤኤንኤስአይ ኮድ ገጽ (ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የፊደላት ሠንጠረዥ) ያነበዋል። ያ ገጽ በእንግሊዝኛ በተዋቀሩ ኮምፒዩተሮች ላይ 1252 የተባለው፣ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀው ገጽ ነው። አማርኛ በዊንዶውስ ውስጥ የራሱ የኤኤንኤስአይ ገጽ ኖሮት አያውቅም፤ በዩኒኮድ ብቻ የሚኖር ቋንቋ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ከሦስቱም የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። ስለዚህ «ድሬዳዋ» የሚለው ባለአራት ፊደል ስም 12 ባይት ሲሆን፣ በ1252 ሲነበብ 12 የማይገናኙ ምልክቶች ይወጡታል፤ በየሦስቱም መጀመሪያ ላይ በአናቷ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» ትደጋገማለች። ይህችን ፊደል በየሦስት ምልክቱ ካዩ የደረሰው ነገር ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ።

ታዲያ መጀመሪያ የቅርንጫፉ ስም ብቻ ተበላሽቶ ሌላው አማርኛ ለምን ተረፈ? ስክሪፕትዎ አፕ ኮንፊግን በተሳሳተ ገጽ አነበበው፤ መልሶም በዚያው በተሳሳተ ገጽ ጻፈው። ሁለቱ ስህተቶች ተጣፉና ባይቶቹ እንደነበሩ ተመለሱ፤ ነባሩ አማርኛ የዳነው በዚህ አጋጣሚ እንጂ ስክሪፕቱ ትክክል ስለነበረ አይደለም። የቅርንጫፉ ስም ግን ከሲኤስቪው በትክክል በዩቲኤፍ-8 ተነብቦ የመጣ እውነተኛ አማርኛ ስለነበረ፣ 1252 ውስጥ ቦታ አጥቶ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ተተካ። ከዚያ አጻጻፉን ብቻ ዩቲኤፍ-8 ሲያደርጉት ነገሩ ተገለበጠ፤ ስሙ ዳነ፣ በስህተት የተነበበው ነባሩ ጽሑፍ ደግሞ ስህተቱ እንዳለ ታተመበት። በሁለቱ ብልሽቶች መካከል ያለው ልዩነት ለጥገናም ይጠቅምዎታል። የተዘበራረቀውን የላቲን ምልክት በአብዛኛው ሂደቱን ገልብጦ ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል፤ የጥያቄ ምልክት የሆነው ግን ጠፍቷል፤ ከጊት (የኮዱን የቀድሞ እትሞች ከሚያስቀምጠው ፕሮግራም) ካልመለሱት በቀር ከፋይሉ ውስጥ የሚገኝ ነገር የለም።

አጭሩ መፍትሔ ሲያነቡም ሲጽፉም ኢንኮዲንጉን በግልጽ መጥቀስ ነው። ፓወርሼል 7 ሁለቱንም ያለ ቦም ዩቲኤፍ-8 አድርጎ ስለሚነሳ ችግሩ እዚያ አይታይም፤ ሆኖም ፓወርሼል 7 ለብቻው የሚጫንና በሌላ ስም የሚጠራ ፕሮግራም በመሆኑ፣ የቪዥዋል ስቱዲዮ ቢልድዎ የሚጠራው የትኛውን እንደሆነ ያረጋግጡ። የስክሪፕቱ ፋይል ራሱ አማርኛ ከያዘ ለ5.1 ሲባል ከነቦሙ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ስክሪፕቱም በ1252 ይነበባል። በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ መላውን ሲስተም ወደ ዩቲኤፍ-8 የሚያዞር አማራጭ አለ፤ አልመክረውም፤ ምክንያቱም የሚሠራው በተነካው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ስለሆነ ቢልዱን በሌላ ኮምፒዩተር ያሄዱ ዕለት ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

የተሻለው መፍትሔ ግን ፋይሉን እንደ ጽሑፍ አለመንካት ነው፤ ይህ የ«&»ውንም ጉዳይ አብሮ ይዘጋዋል። አፕ ኮንፊግ ኤክስኤምኤል ነው። በኤክስኤምኤል ውስጥ «&» የልዩ ምልክት መክፈቻ ስለሆነ እንዳለ ሊቀመጥ አይችልም፤ ተራው ጽሑፍ ለዋጭ ይህን ስለማያውቅ እንዳለ ይጽፈዋል፤ ከዚያ ዶት ኔት ፋይሉን ገና ሲከፍት ይሰናከላል። በዚያ ላይ የፓወርሼሉ መለወጫ የሚፈልገውን ቃል የሚያነበው በሬጌክስ (የጽሑፍ ንድፍ መፈለጊያ) ሕግ ነው፤ ነጥብ ማለት ማንኛውም ፊደል ማለት ይሆናል፤ በተተኪው ቃል ውስጥ ያለ የዶላር ምልክትም የራሱ ትርጉም ይኖረዋል። ስለዚህ «$» ያለበት የይለፍ ቃል ያለው ደንበኛ ሲመጣ ፋይሉ ያለ ምንም ስህተት ይከፈታል፤ የይለፍ ቃሉ ግን ሳይታወቅ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከ«&»ው ይልቅ የከፋ ነው። በሊኑክስ ላይ ሴድ የተባለውን ጽሑፍ ለዋጭ የሚጠቀሙ ባልደረቦችም ተመሳሳይ ወጥመድ አለባቸው፤ በሴድ ተተኪ ውስጥ «&» ማለት የተገኘው ቃል በሙሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ፋይሉን በዶት ኔት የኤክስኤምኤል ሰነድ ክላስ ይጫኑት፤ የሚፈልጉትን አትሪቢዩት (ዋጋ የሚይዘውን ክፍል) በኤክስፓዝ (በኤክስኤምኤል ውስጥ ቦታን በሚጠቁም አጻጻፍ) ያግኙት፤ ዋጋውን ይስጡትና መልሰው ያስቀምጡት። ኢንኮዲንጉን ከሰነዱ መግለጫ ወይም ከቦሙ ራሱ ያነበዋል፤ ሁለቱም ከሌሉ ዩቲኤፍ-8 ነው ብሎ ይወስዳል፤ «&»ንም በተገቢው መንገድ ይጽፈዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠለፍባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ፋይሉን በፓወርሼል ማንበቢያ እንደ ጽሑፍ አንብቦ ከዚያ ወደ ኤክስኤምኤል መለወጥ ነው፤ ይህን ሲያደርጉ አማርኛው ወደ ኤክስኤምኤል ከመድረሱ በፊት ተበላሽቷል። ሰነዱ ራሱ ፋይሉን ከዲስክ ይክፈተው። ሁለተኛው የፋይሉ አድራሻ ነው፤ ዶት ኔት የሚያውቀው የአሁን ፎልደርና ፓወርሼል የሚያውቀው የአሁን ፎልደር አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ ሙሉውን አድራሻ ይስጡት። የዳታቤዝ አድራሻው ደግሞ በኤክስኤምኤል ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ቋንቋ ነው፤ «;» በሚለው የላቲን ምልክት የሚከፋፈል በመሆኑ ያ ምልክት ያለበት የይለፍ ቃል ኤክስኤምኤሉ ትክክል ሆኖም ይሰበራል። ለዚህ ኤስኪውኤል ኮኔክሽን ስትሪንግ ቢልደር የተባለው ክላስ ስላለ በእጅ አይገጣጥሙት።

አሁን ወደ ቢልዱ ልሂድ። ስክሪፕትዎ የሚያስተካክለው በሶርስ ኮዱ ውስጥ ያለውን ፋይል ነው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ቢልድ ያለፈው ደንበኛ ትቶት የሄደውን ፋይል ይወርሳል፤ ጊትም ፋይሉ ተለውጧል እያለ ይጮሃል፤ አንድ ቀን ተቻኩለው ኮሚት ሲያደርጉ (ለውጡን ጊት ውስጥ ሲመዘግቡ) የአንዱ ደንበኛ አድራሻ ለሁሉም መነሻ ይሆናል። ቢልድ የሚጽፈው በውጤት ፎልደሩ ውስጥ እንጂ በሶርሱ ውስጥ መሆን የለበትም። ይህን በአብዛኛው ያለ ስክሪፕትም መሥራት ይቻላል፤ ቢልዱን የሚያካሂደው ኤምኤስቢልድ ኤክስኤምኤል ፖክ የሚባል ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ታስክ አለው፤ ከቢልድ በኋላ በሚሄድ ታርጌት (የቢልድ ደረጃ) ውስጥ ገብቶ የውጤቱን ፋይል እንዲነካ ማድረግ ይችላሉ።

ኤክስኤምኤል ፖክን ሲጠቀሙ ግን አንድ ጠባዩን ይወቁ፤ የሰጡት ኤክስፓዝ ምንም ካላገኘ ቢልዱን አያስቆምም። ምንም ሳይለውጥ በሰላም ያልፋል። አንድ ሰው በአፕ ኮንፊግ ውስጥ የቁልፉን ስም «ብራንች ኔም» ከሚለው ወደ «ብራንች ታይትል» የቀየረ ዕለት ቢልዱ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ፋይሉ ግን የድሮውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከፖኩ በኋላ ኤክስኤምኤል ፒክ በተባለው ታስክ ዋጋውን መልሰው አንብበው፣ ካሰቡት ጋር ካልተመሳሰለ ቢልዱን በስህተት ያስቁሙት። ሌላው ጉዳይ ኤምኤስቢልድ አፕ ኮንፊግን ወደ ውጤቱ ፎልደር የሚገለብጠው የሶርሱ ፋይል ከውጤቱ ይልቅ አዲስ ሲሆን ብቻ መሆኑ ነው። ውጤቱን ራስዎ ከነኩት እሱ አዲሱ ስለሚሆን በሚቀጥለው ቢልድ ላይ ንጹሕ ቅጂ አይመጣም። ማስተካከያዎ ይህን መቻል አለበት፤ በተነካ ፋይል ላይ ዳግም ቢሄድ ያው ውጤት ሊወጣው ይገባል። «ድሬዳዋ» የሚለውን ፈልጎ «ሐረር» በሚል የሚተካ ስክሪፕት ይህን አይችልም፤ ቁልፉን በስሙ አግኝቶ ዋጋውን የሚሰጥ ግን ይችላል።

የዌብ ኮንፊግ ትራንስፎርሜሽን ስለሚባለው ኤክስዲቲ ሰምተው ይሆናል። ለዌብ ፕሮጀክት ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን ሲታተም እንጂ ከቪዥዋል ስቱዲዮ በቀጥታ ሲያስኬዱት አይደለም፤ ለአፕ ኮንፊግ ደግሞ ስሎው ቺታ የተባለውን ተጨማሪ መጫን ይጠይቃል። ለእርስዎ ጉዳይ አላስፈላጊ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ የቢልድ ኮንፊገሬሽን እንዲፈጥሩ ስለሚገፋፋዎት፣ ደንበኛ በበዛ ቁጥር የሚበዛው የቢልድዎ ዓይነት ይሆናል።

ይህ ወደ ዋናው ነገር ያመጣናል። ሊቀየሩ ከሚችሉት ዋጋዎች ውስጥ የቢልዱ የሆኑት ጥቂት ናቸው፤ የእትም ቁጥሩ፣ ቢልዱ የተወሰደበት የጊት ኮሚት፣ የማረሚያ መልእክቶች መዘጋታቸው። እነዚህ ለቀፊራውም ለሸዋ በሩም ደንበኛ አንድ ዓይነት ናቸው። የዳታቤዝ አድራሻ፣ የቅርንጫፍ ስምና የማተሚያ ስም ግን የቦታው ናቸው፤ ቢልዱ ስለ እነሱ ማወቅ የለበትም። አንድ ጊዜ ቢልድ አድርገው፣ የፈተሹትን ያንኑ ፋይል ለሁሉም መላክ አለብዎት። አሁን ባለው አሠራርዎ የሞከሩት ፕሮግራምና ደንበኛው የሚጭነው ፕሮግራም የተለያዩ ቢልዶች ናቸው፤ ይህ ለብቻው አሠራሩን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

ፍሬምወርክ 4.8 ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው፤ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም። በአፕ ኮንፊግ ውስጥ የአፕ ሴቲንግስ ክፍል «ፋይል» የሚባል አትሪቢዩት ይቀበላል፤ በእሱ የተጠቀሰው ሌላ ፋይል ውስጥ ያሉት ቁልፎች በዋናው ውስጥ ያሉትን ይሽራሉ፤ ያልተጠቀሱት እንደነበሩ ይቆያሉ። የኮኔክሽን ስትሪንግስ ክፍል ደግሞ «ኮንፊግ ሶርስ» የሚባለውን ይቀበላል፤ ይህኛው አይደባልቅም፤ ክፍሉን በሙሉ ከውጭው ፋይል ይወስዳል፤ በዋናው ውስጥ ምንም እንዲቀር አይፈቅድም፤ ውጭ ያለው ፋይልም ከፕሮግራሙ ፎልደር ወይም ከሥሩ መቀመጥ አለበት። ልዩነታቸው ፋይሉ በጠፋ ጊዜ በደንብ ይታያል። በ«ኮንፊግ ሶርስ» የተጠቀሰው ፋይል ከሌለ ስህተት ይነሳል፤ በ«ፋይል» የተጠቀሰው ከሌለ ግን ዝም ተብሎ በዋናው ውስጥ ባለው ዋጋ ይቀጠላል። ለዚህ ብዬ በዋናው አፕ ኮንፊግ ውስጥ የቅርንጫፉን ስም ባዶ እንዲተዉትና ፕሮግራሙ ሲነሳ ባዶ ካገኘ እንዳይቀጥል እንዲያደርጉ እመክራለሁ። ለምሳሌ ብሎ የአንዱን ደንበኛ ስም እዚያ መተው ደረሰኝ በሌላ ሰው ስም ወደ መቁረጥ ይወስዳል።

እነዚህ ሁለት የቅርንጫፍ ፋይሎች በመጀመሪያው ጭነት ጊዜ አንድ ጊዜ ይጻፋሉ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ እትም ሲመጣ አይነኩም። ኢንስቶለሩን በኢኖ ሴታፕ የሚሠሩ ከሆነ ፋይሉ ከሌለ ብቻ እንዲቀመጥ፣ ፕሮግራሙ ሲራገፍም እንዳይጠፋ የሚያደርጉ ሁለት ምልክቶች አሉት፤ ሁለቱንም ይጠቀሙ። የይለፍ ቃሉን በዲፒኤፒአይ (በዊንዶውስ የራሱ መመስጠሪያ) መመስጠር ከፈለጉም ሊደረግ የሚችለው ደንበኛው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ከዚያ ዊንዶውስ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ እርስዎ ጋር ተመስጥሮ የተላከ እዚያ አይፈታም።

ይህን ሁሉ አድርገውም ሰው የተሳሳተ ፋይል ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ የሐረሩን ዓይነት ክስተት የሚዘጋው ፍተሻ ከቢልዱም ከኢንስቶለሩም ውጭ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ መሆን አለበት። በእያንዳንዱ ዳታቤዝ ውስጥ የደንበኛውን መለያ ኮድ የያዘ አንድ ረድፍ ያስቀምጡ፤ ያንኑ ኮድ በቅርንጫፍ ፋይሉ ውስጥም ይጻፉ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ሁለቱን ያነጻጽር፤ ካልተመሳሰሉ የሽያጩን መስኮት አይክፈት፤ የሁለቱንም ኮድና የእትሙን ቁጥር በግልጽ አማርኛ ያሳይ። ደንበኛው በስልክ ሲያነብልዎ ነገሩ ወዲያው ይገባዎታል፤ ደንገጎን ወጥተው ሐረር ድረስ መሄድ አያስፈልግዎትም።

የሲኤስቪው ዝርዝር ከዚህ በኋላ ቢልድ ውስጥ አይገባም፤ የቅርንጫፍ ፋይሎቹን ለማዘጋጀት ብቻ ያገለግላል። ሆኖም በኤክሴል እየከፈቱ የሚያስቀምጡት ከሆነ ሁለት ነገር ይጠብቁ። ሲያስቀምጡ ተራውን ሲኤስቪ ሳይሆን «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ካልመረጡ አማርኛው እዚያው የጥያቄ ምልክት ይሆናል። በዜሮ የሚጀምር ኮድም ዜሮው ይወድቃል፤ በእኛ አካባቢ የስልክ መለያ የሆነውን 025ን የኮድ መጀመሪያ ማድረግ ስለተለመደ ይህ ቶሎ ያጋጥማል፤ 025 ብቻውን በአንድ ሕዋስ ቢቀመጥ 25 ሆኖ ይቀመጣል። ወደፊት ቅንብሩን ወደ ያምል (ወደ ሌላ የቅንብር ፋይል አጻጻፍ) ቢያዛውሩ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በያምል 1.1 በዜሮ የጀመረ ቁጥር በስምንት ቤት ስለሚነበብ ያለ ጥቅስ ምልክት የተጻፈ 025 ዋጋው 21 ነው፤ በ1.2 ደግሞ 25 ነው። የሥራ መጀመሪያ ሰዓት ብለው 2:30 ቢጽፉም በ1.1 በስድሳ ቤት ተቆጥሮ 150 ይሆናል። ኮድም ሰዓትም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይግቡ። በመጨረሻም የተጨማሪ እሴት ታክሱን 15 በመቶ በአስርዮሽ የሚጽፉት ከሆነ፣ ከጂቡቲ መጥቶ የፈረንሳይኛ ቅንብር ይዞ የቀረ ኮምፒዩተር በነጥብ ፋንታ በኮማ ሊጽፈው ስለሚችል ስክሪፕቱ ቁጥርን ወደ ጽሑፍ ሲቀይር ኢንቫሪያንት ካልቸር የተባለውን፣ ከአገር ቅንብር ነፃ የሆነውን አጻጻፍ እንዲጠቀም ያድርጉ።

አንድ ነገር ይቀራል። እስካሁን የደንበኞቹን የይለፍ ቃል አፕ ኮንፊግ ውስጥ እያስገቡ ኮሚት አድርገው ከሆነ፣ ፋይሉን ዛሬ ቢያጸዱትም በጊት ታሪክ ውስጥ ይቆያል፤ ጊት ችላ እንዲለው በሚያዘው ዝርዝር ውስጥ መጨመርም ቀድሞ የተመዘገበን ፋይል አያስወጣም። ታሪኩን ለመፋቅ ከመድከም በፊት የይለፍ ቃሎቹን በየደንበኛው ዳታቤዝ ላይ ይቀይሩ፤ አዲሱንም በቅርንጫፍ ፋይሉ ውስጥ ብቻ ያስገቡ። ለሙከራ ከቢሮዎ ቅርብ ከሆነው የቀፊራ ደንበኛ ይጀምሩ፤ አንድ የእትም ለውጥ በእሱ ላይ አልፎ የቅርንጫፍ ፋይሎቹ እንዳልተነኩ ሲያረጋግጡ ወደ ሌሎቹ ይሂዱ።